ሦስት ጊዜ እምቢ

በከተማችን የተጠራ ልጅ ወዲያው ሜዳ አይገባም። መጀመሪያ እምቢ ይላል። ሲለመን ሁለተኛ እምቢ ይላል። እንደገና ሲለመን ሦስተኛ እምቢ ይላል። ከዚያ በኋላ «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ይህ ጨዋነት ነው። ልጄን ስንዱን ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

የከተማችንን ስም አልጽፍም። መጻፍ ይቻል እንደሆነ ጠይቄ ነበር። የሚፈቅደው ክፍል «አልከለከልንም» አለኝ፤ የሚከለክለው ክፍል «አልፈቀድንም» አለኝ። ስለዚህ እንዲሁ ትቅር።

በከተማችን ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ የሜዳ ሰውና የአግዳሚ ሰው። የሜዳ ሰው በስብሰባ ቀን መሀል ላይ ቆሞ ይናገራል፣ እጁን ያወጣል፣ ይወስናል። የአግዳሚ ሰው ግድግዳውን ተከትለው በተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል። አይናገርም፤ ስለ አየር ጠባይና ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲጠየቅ ብቻ ይመልሳል። ክፉ ኑሮ ነው አልልም። አግዳሚው ጥላ አለው። ጭብጨባም ቢሆን ትምህርት ቤት ተከፍቶለት፣ በየትኛው ንግግር ላይ መዳፍ ለመዳፍ፣ በየትኛው ላይ ጣት በመዳፍ እንደሚመታ በደንብ እንማራለን። እኔ የአግዳሚ ሰው ነኝ። ሥራዬ አቧራ ማስተኛት ነው። ጠዋት መንገዱን፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሜዳውን በባልዲ ውሃ እረጫለሁ። አቧራው ይተኛል፤ በማግስቱ ይነሣል።

ሰው የሜዳ ወይም የአግዳሚ የሚሆነው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። በዚያ ዓመት የልጆች ቡድን አሥር ጨዋታ ያደርጋል። በአሥሩ ጨዋታ ውስጥ በድምሩ ዘጠና ደቂቃ ሜዳ ላይ የቆየ ልጅ ለዕድሜ ልኩ የሜዳ ሰው ተብሎ ይመዘገባል። ያልሞላለት የአግዳሚ ሰው ይሆናል። ልጁ ኳስ ይውደድ ይጥላ፣ ይችልበት አይችልበት፣ አይጠየቅም። ለምን በኳስ ሆነ የሚል ጥያቄ በየዘመኑ ተነሥቷል። መልሱ ሁልጊዜ «ታዲያ በምን ይሁን?» ነው። እስካሁን በምን እንደሚሆን የተናገረ ሰው የለም።

እያንዳንዱ ጨዋታ ስልሳ ደቂቃ ነው። እንግዲህ ከስድስት መቶ ደቂቃ ውስጥ ዘጠና ማግኘት ቀላል ይመስላል። ለእኔም ይመስለኝ ነበር።

የልጆቹ አሰልጣኝ ጋሽ ደርበው ይባላሉ። በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። አድልዎ ያንገሸግሻቸዋል፤ ለሁለት ወንድማማቾች ሱሪ ሲሰፉ እንኳ ታናሹ እንዳይከፋው ብለው የሁለቱንም ኪስ እኩል ያደርጋሉ። በእጃቸው አሥራ አምስት ልጆች ነበሩ። አሥራ አንዱ ሲጫወቱ አራቱ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ከአራቱ መካከል ዘንድሮ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ስንዱ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ገና ትናንሾች ናቸው።

ዓመቱ ሲጀመር ጋሽ ደርበው ወላጆችን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

«እኔ ዘንድ የማንም ልጅ ከማንም ልጅ አይበልጥም። አግዳሚ ላይ ያለ ልጅ ሁሉ በየጨዋታው፣ አርባኛው ደቂቃ ላይ ይጠራል። አንድ ቀን ብዘል በመቀሴ ጣቴን ልቁረጥ።»

አጨበጨብን። እኔ በሆዴ አሰላሁ። ሃያ ደቂቃ አሥር ጊዜ ሁለት መቶ ነው። ከዘጠና በእጥፍ ይበልጣል። በዚያ ሳምንት በደንብ ተኛሁ።

ጋሽ ደርበው ቃላቸውን ጠበቁ፤ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ ግፍ ይሆናል። በሰባት ጨዋታ ሰባት ጊዜ ስንዱን ጠሩ። አንድ ቀን አሟቸው በጎረቤታቸው ትከሻ ተደግፈው መጥተው ጠሯት።

ያን ጊዜ እኔ ከሥራ በኋላ ፊደል እማር ነበር፤ አሁንም እማራለሁ። መምህራችን «እጃችሁ እንዳይዝግ በየቀኑ የምታዩትን ጻፉ» አሉን። እኔ በየቀኑ የማየው ሜዳውን ነው። የመዝገብ ቤቱ ትልቅ ሰዓት ከሜዳው ስለሚታይ፣ ጨዋታ ባለ ቀን ማን በስንተኛው ደቂቃ እንደገባና ማን እንደወጣ እጽፍ ጀመር። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከሰባተኛው ጨዋታ በኋላ ትምህርቱ መደመር ላይ ደረሰ። መምህሩ «ያላችሁን ቁጥር ደምሩ» ሲሉ ደብተሬን አወጣሁ። ስንዱ የምትተካው ልጅ ምንተስኖት ነው፤ ለእሱ ሦስት መቶ ሰማንያ ሁለት ደቂቃ መጣልኝ። ለስንዱ ሠላሳ ስምንት መጣ። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ደመርኩ። መምህሩም ደመሩ።

«ትክክል ነው፤ ጎበዝ» አሉኝ።

ሠላሳ ስምንት። የቀሩት ሦስት ጨዋታዎች ናቸው፤ የሚጎድላት ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ነው። ያን ቀን ራቴን አልቀመስኩም።

ደቂቃው የት እንደሄደ ደብተሩን አንድ በአንድ ስመለከት አገኘሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ደርበው «ስንዱ» ብለው ይጣራሉ። ስንዱ ተነሥታ መስመሩ ድረስ ትሄዳለች። ምንተስኖት መጥቶ «ግቢ» ይላታል። «ኧረ አይሆንም፣ አንተው ተጫወት» ትላለች። በዚህ ጊዜ ምንተስኖት፣ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ተብሎ፣ ተመልሶ ይጫወታል። ኳሷ ከመስመር ስትወጣ መጥቶ ሁለተኛ ይለምናታል፤ ሁለተኛ እምቢ ትላለች፤ ይመለሳል። መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው ራሱ ነው። ኳሷ እሱ ጋ ካለች አይመጣም። ኳሷ ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ጋ ናት። ስንዱ «እንግዲህ ካላችሁ» ብላ እግሯን ስታስገባ ሃምሳ አራተኛው፣ አንዳንዴም ሃምሳ ስድስተኛው ደቂቃ ሆኗል።

የሜዳ ሰዎች ልጆች እንዲህ አያደርጉም። ሲጠሩ ሮጠው ይገባሉ። እምቢ አይሉም፤ የሚለምናቸውም የለም። ለምን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። ደማቸው ነው እንል ነበር።

ደብተሬን ይዤ ጋሽ ደርበው ሱቅ ሄድኩ። የሰው ሱሪ እያሳጠሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ስንዱ እኮ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነው ያላት።»

«የለም» አሉ፣ መርፌውን ከከንፈራቸው ሳያወጡ። «ሰባት ጊዜ ጠርቻታለሁ። ሃያ ሰባት ጊዜ ስንት ነው?»

«መቶ አርባ።»

«በቃ፤ መቶ አርባ አላት።»

«ጠርተዋታል፤ ግን አልገባችም።»

መርፌውን አወጡ። ደብተሩን ተቀብለው ጨርቅ እንደሚያዩ አራቁት፣ ደግሞ አቀረቡት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ መጻፍ ትችያለሽ እንዴ የስንዱ እናት?»

«እየተማርኩ ነው።»

«ፊደልሽ ይንጋደዳል።»

«ቁጥሩ ግን አይንጋደድም ጋሼ።»

ቁጥሩን አንድ በአንድ አዩ። «ሠላሳ ዓመት ልብስ ስለካ ጠበበኝ ብሎ የመለሰልኝ ሰው የለም» አሉ። «ልጆቹ ላይ ነው እንዴ ሳጠብብ የኖርኩት? ይህን ያህል ይፈጃል ብዬ አላሰብኩም። እኔ ልጅ ሆኜ ስጠራ እገባ ነበር።»

«የሜዳ ሰው ነዎታ።»

«ነኝ።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «እምቢ የማልለው ለምን እንደነበረ ግን አላውቅም። አባቴ ግባ አለኝ፤ ገባሁ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ልጅቷን ‹ስትጠሪ ግቢ› አትያትም?»

«ባለጌ ትባላለቻ።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ፤ ሱሪውንም ማሳጠር ቀጠሉ። ስወጣ ከኋላዬ ጠሩኝና «በሚቀጥለው በሠላሳኛው ደቂቃ እጠራታለሁ» አሉኝ።

ስምንተኛው ጨዋታ ላይ እንዳሉት አደረጉ። ምንተስኖት ግን ያለ ጊዜው በመጠራቱ ተቆጣ። በከተማችን የተቆጣ ሰው ሳይታረቅ ከሜዳ አይወጣም። አባቱ አቶ ምንይችል የመረብ ሹም ናቸው፤ የጎሉን መረብ ጨዋታ ሲያልቅ ፈትተው ቤታቸው የሚወስዱት፣ ሲጀመር የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ከመስመሩ ላይ ሆነው «ልጄ ምን አጠፋ? ጎል ማግባት ነው ጥፋቱ?» እያሉ ይናገራሉ። ሦስት ሽማግሌዎች ተመርጠው ምንተስኖትን ማዕዘን መምቻው ጋ አስቀመጡት። ትልቁ ሽማግሌ የአቶ ምንይችልን አባት ቸርነት አንሥቶ እስኪጨርስ ድረስ ልጁ መሬት መሬት እያየ ሣር ይነጫል። ሌሎቹ ልጆች ኳሱን አቁመው ይጠብቃሉ፤ የመዝገብ ቤቱ ሰዓት ግን አይጠብቅም። እርቁ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ልመናው ደግሞ አሥራ ሁለት። ስንዱ ዘጠኝ ደቂቃ ተጫወተች።

ጋሽ ደርበው አልተኙም መሰለኝ፤ በማግስቱ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። ሜዳው ላይ ውሃ እየረጨሁ ነበር።

«አገኘሁት» አሉኝ። «የሚያጓትተው ምልልሱ ነው። ምንተስኖትን ሦስቱንም ልመና እዚያው ቆመህ ጨርስ ብዬዋለሁ። ከአባቱም ጋር ተነጋግሬ ሳይቆጣ አስቀድመን ቤት አስታርቀነዋል።»

ይህ በእውነት ጥሩ ዘዴ ነበር። በዘጠነኛው ጨዋታ፣ በሠላሳኛው ደቂቃ፣ ምንተስኖት መስመሩ ላይ መጥቶ ቆመና «ግቢ፣ ግቢ፣ ግቢ» አላት። ስንዱ ሦስት ጊዜ እምቢ አለች። እኔ እርሳሴን አዘጋጀሁ። ስንዱ አልገባችም። ምንተስኖት ትከሻውን ነቅንቆ ተመለሰ። ስንዱ እጆቿን አጣምራ መስመሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጋሽ ደርበው ራሳቸው ሄደው በእናቷ በአባቷ ስም ለምነው አስገቧት። ሰባት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

ቤት ስንገባ ጠየቅኳት።

«ሦስት ጊዜ ለመነሽ አይደለም እንዴ?»

«ከልቡ አልለመነኝም።»

«ከልቡ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?»

«እየለመነኝ ካልሲውን ይስብ ነበር።»

«ይሳባ። አንቺ ምን ቸገረሽ?»

«ከልብ ሳይለመን የሚገባ ሆዳም ነው አላልሽኝም?»

ብያታለሁ። ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ ጎረቤት በአንድ ቃል ተጠርታ ስለበላች፣ ጆሮዋን ይዤ ነው ያልኳት። ደብተሬን አውጥቼ ደመርኩ።

ሃምሳ አራት ደቂቃ ሆነላት። ሠላሳ ስድስት ቀራት። የቀረው አንድ ጨዋታ ነው።

ጋሽ ደርበው ለመጨረሻ ጊዜ ሊያነጋግሩኝ መጡ። ድምፃቸው ቀንሶ ነበር።

«ሃያኛው ደቂቃ ላይ እጠራታለሁ። ከዚያ ቀድሜ ብጠራት አቶ ምንይችል መረቡን ጠቅልለው ይሄዳሉ፤ ጨዋታው ይሰረዛል። ከሃያኛው አርባ ደቂቃ ይኖራታል። ሠላሳ ስድስት ያስፈልጋታል። እንግዲህ አራት ደቂቃ ትርፍ አላት።»

«አራት ደቂቃ ለአንድ እምቢታም አይበቃም።»

«አይበቃም» አሉ። «ልኬቱን ሰጥቼሻለሁ። ስፌቱ የእናንተ ነው።»

በጨዋታው ዋዜማ ስንዱ በረንዳ ላይ ጫማዋን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውል ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ነገ ስትጠሪ ግቢ።»

«ስንት ጊዜ እምቢ ብዬ?»

«ምንም ሳትይ።»

ራቁትሽን ውጪ ያልኳት ይመስል አየችኝ።

«ሰው ምን ይላል?»

«ባለጌ ይላል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ውሃ እረጫለሁ» አልኳት።

ጫማውን አስቀመጠችና «እማዬ፣ አንቺ እኮ ሰው ቤት ስንሄድ በሩ ተከፍቶ እያየሽ ታንኳኪያለሽ» አለች። «ደግሞ ታስያለሽ። ደግሞ ትመለሺያለሽ። አሁን እኔን እንዴት እንዲህ ትያለሽ?»

ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ሰማንያ ስድስት ደቂቃ ነበረኝ። በመጨረሻው ጨዋታ ተጠርቼ ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬ፣ ሦስተኛውን ልመና እየጠበቅሁ መስመሩ ላይ ቆሜ ሳለ ፉጨት ተነፋ። የሚለምነኝ ልጅ ወደ እኔ እየመጣ ነበር፤ መሀል መንገድ ላይ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ነው የተነፋው። እናቴ ያን ቀን «ኮራሁብሽ፤ አንድም ሰው ባለጌ አላለሽም» ብላ ሳመችኝ።

ስንዱ ጨርቁን እንደገና አራሰች። ጫማዋን አንሥታ ወለወለች። እንደምትገባ ወይም እንደማትገባ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

በጨዋታው ቀን ሜዳውን ሁለት ጊዜ ረጨሁ። በሦስተኛው ባልዲ ጋሽ ደርበው «ይበቃል፤ ልታሰምጪን ነው» አሉኝና አግዳሚዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ «ስንዱ» ብለው ተጣሩ። ስንዱ ተነሥታ መስመሩ ላይ ቆመች። ምንተስኖት መጣና «ግቢ» አለ። ብሎም፣ እምቢ እንደምትል ስለሚያውቅ፣ ዞር ብሎ ወደ ቦታው ሮጠ። ሲደርስ ስንዱ ቀድማው ቆማለች።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

«ግቢ አልከኝ፤ ገባሁ።»

«ገና ሁለት ልመና ይቀረኛል እኮ።»

ተጫዋቾቹ ኳሱን አቁመው ዞሩ። ከሜዳ ሰዎች ወገን ያልሆነ ልጅ በአንድ ቃል ሲገባ ያየ ሰው አልነበረም። በከተማችን ደንብ ልመናውን ያልጨረሰ ልጅ ከሜዳ አይወጣም፤ ልመናም የሚባለው ፊት ለፊት የተነገረ ብቻ ነው። ስለዚህ ምንተስኖት መውጣት አልቻለም። ስንዱም ፊቷን አልሰጠችውም። ዳኛው፣ የፉጨት አባት የሚባሉት ሽማግሌ፣ ከኪሳቸው የደንብ መጽሐፋቸውን አወጡ። አራት ጊዜ እምቢ ስላለ ልጅ ሦስት ገጽ ተጽፏል። እምቢ ስላላለ ልጅ አንድም ቃል የለም። መጽሐፉን ከደኑና «ልመናው እስኪያልቅ ድረስ ምንተስኖት እንደ ነፋስ ይቆጠራል። ኳስ አይነካም። ቀጥሉ» ብለው ፈረዱ።

ቀጠሉ። ስንዱ ስትሮጥ ምንተስኖት ከኋላዋ ይሮጣል። ወደ ቀኝ ሲመጣ ወደ ግራ ትዞራለች።

«አንዴ ዙሪልኝ በሞቴ፤ ልመናዬን ልጨርስ።»

«ስጨርስ ትጨርሳለህ።»

«ደከመኝ እኮ ስንዱ።»

«እኔም ዘጠኝ ጨዋታ ሙሉ ቆሜ ደክሞኝ ነበር።»

አቶ ምንይችል ከመስመሩ «ከፊቷ ቅደም አንተ ጅል» እያሉ ይጮሃሉ። ከአግዳሚው በኩል ደግሞ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «አሳዳጊ የበደላት» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ ደገመችው። ወንበሩ ላይ በአንድ በኩል የተቀመጡት ከእኔ ፈቀቅ አሉ። ሰዓቱን አይቼ ጻፍኩ።

ልጄ ጎበዝ ተጫዋች ናት ለማለት አይደለም። ኳሱን አምስት ጊዜ ነካችው፤ ሦስቱን ለተጋጣሚ ነው የሰጠችው። አንዴ ወድቃ ክርኗ ተላጠ፤ ምንተስኖት ሊያነሣት ጎንበስ ሲል ፊቱን እንዳታይ በሆዷ ተገልብጣ ተነሣች። ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። ፉጨቱ ሲነፋ ቆመችና ዞረችለት። ምንተስኖት ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ «ግቢ» አላት፤ ትንፋሹን ሰብስቦ ደግሞ «ግቢ» አላት።

«እንግዲህ ካላችሁ» ብላ ከሜዳ ወጣች።

አርባ ደቂቃ። በድምሩ ዘጠና አራት።

በመዝገብ ቀን እኔና ስንዱ ጋሽ ደርበውን ይዘን መዝገብ ቤት ሄድን። አሰልጣኝ መቅረቡ ግዴታ ነው። መዝጋቢው ቀጭን፣ ትሑት ሰው ናቸው። ደብተሬን ገለጡ፣ ራሳቸውም ደመሩ።

«ዘጠና አራት ነው» አሉ። «በጥንቃቄ ተጽፏል። የመጨረሻው አርባ ደቂቃ ግን አይያዝም። ያለ እምቢታ የተገባበት ደቂቃ ደቂቃ አይባልም።»

ጋሽ ደርበው ጣልቃ ገቡ። «እኔ ጠርቻታለሁ። እሷ ገብታለች። ሕዝብ አይቷል። ደቂቃ ሌላ ምን ይባላል?»

«የእርስዎን ድካም እናውቃለን አቶ ደርበው። ሥርዓት ነው።»

«የሌሎቹስ ልጆች? ምንተስኖት በዕድሜው እምቢ ብሎ ያውቃል?»

«እሱ ቅጽ አለው» አሉ መዝጋቢው።

«የምን ቅጽ?»

መሳቢያ ሳቡና አንድ ወረቀት አወጡ። «አሳዳጊ የበደለው ልጅ ሥርዓት ስለማያውቅ አይጠየቅም። እንደተጠራ ቢገባ ደቂቃው ይያዝለታል። መበደሉን ግን አሳዳጊው ፈርሞ ማረጋገጥ አለበት።»

«እንዲህ ያለ ወረቀት ሰው ይፈርማል?» አልኩ። ስለ አስተዳደግ ስለሆነ መናገር ይፈቀድልኛል።

መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ጢም ብሎ ሞልቷል። ከላይ ያለውን አነበብኩ፤ የምንተስኖት ነው፣ አቶ ምንይችል ፈርመውበታል። ከሥሩ ያለውም የሌላ የሜዳ ሰው ነው። ሁሉም ናቸው።

«ልጅ በተወለደ በሳምንቱ ይፈርማሉ» አሉ መዝጋቢው። «ከክትባት ካርዱ ጋር አብረን እንሰጣቸዋለን። አንድ ወር ሙሉ በራችን ላይ ይለጠፋል። ምስጢር አይደለም።»

ያን በር ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ውሃ የምረጨው በር ነው። የሚያነብ ሰው ግን ከእኛ መካከል አልነበረም። ጋሽ ደርበው መሳቢያው ላይ ጎንበስ ብለው ወረቀቶቹን በጣታቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ ወደ ታች ወረዱ፤ ከሥር አካባቢ ቢጫ የሆነ አንድ ወረቀት አገኙ። ብዙ ጊዜ አዩት። የማን ፊርማ እንዳለበት አልነገሩንም። መልሰው አስቀመጡትና መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ መዝጋቢው። «አንቺም አሁን መፈረም ትችያለሽ። የሜዳ ሰው ቢፈርም የሚቀርበት የለም። የአግዳሚ ሰው ከፈረመ ግን ስለ አስተዳደግ ከእንግዲህ አይጠየቅም። ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነው የሚናገረው። በሩ ላይም እንደማንኛውም ይለጠፋል። ላንብብልሽ?»

«አነባለሁ።»

ጣቴን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ። እንዲህ ይላል፦ «እኔ ከዚህ በታች የፈረምኩት አሳዳጊ፣ ይህችን ልጅ በአስተዳደጓ በድያታለሁ።» ሌላ የለውም።

ስንዱ ክንዴን ያዘችኝ። የተላጠው ክርኗ ገና አልደረቀም።

«እማዬ አትፈርሚ። አልበደልሽኝም። ውሸት ነው። እኔ አግዳሚው ይበቃኛል።»

«ዝም በይ።»

«እውነቴን ነው፤ ይቅርብኝ።»

«ስንት ጊዜ ነው እምቢ የምትይው?» አልኳት። ክንዴን ለቀቀችው።

ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት፤ በዚህኛው ጊዜ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ ሠላሳ ስምንቱን፣ ዘጠኙንና ሰባቱን ደቂቃ እያሰብኩ። ውሸት የሆነውን ቃል ፈለግሁ። አላገኘሁም። መዝጋቢው በጣቴ የማትምበትን ቀለም ወደ እኔ ገፉት። ብዕሩን እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸውና ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ።